ፕሮሮጌሽን ምንድን ነው? ንጉሱን ለቀቅ አርጉት

የእንግሊዝ ፓርላማ ነገር በተነሳ ቁጥር "ንግስቲቱ በ2019 በተነችው እኮ" የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ተንታኝ "እዛ አገር ንጉሱ ደስ ካላለው ፓርላማውን ያግዳል፣ ዲሞክራሲ የሚሉት ለኛ ሲሆን ነው" እያለ ሲያብራራ ነበር፣ ከስር ያለው ኮመንት ደግሞ "ጎሽ!" እና "እውነት ነው" ብቻ። የህገ መንግስት ህግ እያስተማርኩ ነው እንጀራ የምበላው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ፕሮሮጌሽን ማለት የፓርላማው አንድ የስራ ዘመን በንጉሱ ስም ሲዘጋ ነው። ይሄው ነው። ፓርላማው አልተበተነም፣ ምርጫ አልተጠራም፣ አባላቱም አባል እንደሆኑ ናቸው።

ትምህርት ቤት ብላችሁ አስቡት። የገና የፋሲካ ምናምን የሚሉት እረፍት ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ሰኞ ስትመለስ ደብተርህን ካቆምክበት ገፅ ትቀጥላለህ። መበተን ደግሞ ተማሪው በሙሉ ተሰናብቶ አዲስ ምዝገባ ሲጠራ ነው፣ ተመልሶ የሚገባም ቀልጦ የሚቀርም አለ። ፕሮሮጌሽን ሰኔ 30 ነው። ዓመቱ ተዘጋ፣ ተማሪው ያው ተማሪ ነው፣ ያልጨረስከው የቤት ስራ ግን ይጣላል፣ ስትመለስ በአዲስ ደብተር ከገፅ አንድ ነው የምትጀምረው። የቤት ስራው እንግዲህ ረቂቅ ህግ ነው። ሁሉም ረቂቅ አይሞትም፣ ኮመንስ (የተመረጡት አባላት ያሉበት ምክር ቤት) ድምፅ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ዘመን የሚያሻግራቸው አሉ፣ ይሄን ሳልል ካለፍኩ የስራ ባልደረቦቼ አይለቁኝም።

እና ንጉሱ ማነው? ግቢው መሃል የተንጠለጠለውን ቸርኬ በብረት የሚመታው ዘበኛ ነው። እሱ ካልመታው ማንም አይወጣም፣ ሲመታው ሁሉም ይወጣል፣ ግን አሁን ምታ የሚለው ዳይሬክተሩ ነው። ዳይሬክተሩ ማለት ጠቅላይ ሚኒስትሩ። ተንታኛችን ደወሉን ሰምቶ ዘበኛውን ይሰድባል።

2019ን እንየው ካላችሁ፣ ያኔ የነበረችው ንግስት ኤልሳቤጥ ስኮትላንድ ባልሞራል ቤተመንግስት ሆና የፕሮሮጌሽኑን ትዕዛዝ ያፀደቀችው ኦገስት 28 ነው፣ ሚኒስትሩ ጃኮብ ሪስ ሞግና ሁለት ሰዎች ሄደው የፕራይቪ ካውንስል (የንግስቲቱ አማካሪ ምክር ቤት) ስብሰባ ተደረገና አለቀ። ነገሩ የተወሰነው ግን ከዛ በፊት ነው። ኦገስት 15 አንዷ አማካሪ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ማስታወሻ ፅፋለት፣ እሱ እዛው ወረቀቱ ላይ ራይት አድርጎ "የስ" ብሎ ፅፎበታል፣ ይሄ ወረቀት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቧል። እምቢ ማለት አትችልም ነበር ወይ ለምትሉ፣ ወረቀት ላይ ምናልባት፣ በልማድ ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩን ምክር ተቀብሎ መፈፀም ነው (በጣም በከፋ ሁኔታ እምቢ ይባላል አይባልም የሚለውን እኛ ምሁራኑ ዛሬም እንጨቃጨቅበታለን፣ እሱን ለሌላ ጊዜ)።

ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ "አይ እሱ እኮ ሰርሞኒ ብቻ ነው፣ በየዓመቱ የሚደረግ" የሚሉ አሉ። እነዚህ ይበልጥ ያናድዱኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ስነ ስርዓቱ መቼም ድራማ ነው። ቀይ ካባ የለበሱ አምስት ኮሚሽነሮች ሎርዶች ምክር ቤት (ላይኛው ምክር ቤት) ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ፣ ብላክ ሮድ የሚባለው ባለስልጣን ሄዶ የኮመንስ አባላትን ይጠራል፣ ሲመጡ ወንዶቹ ኮሚሽነሮች ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ ከዛ የቀሩት ህጎች ርዕስ አንድ በአንድ ይነበብና ፀሀፊው በድሮ ኖርማን ፈረንሳይኛ ንጉሱ ፈቅዷል ይላል። ንጉሱ ራሱ የለም። ራሷ ተገኝታ የዘጋችው የመጨረሻዋ ቪክቶሪያ ናት፣ በ1854። በየዓመቱ መሆኑም በግምት ነው፣ የ2010ና የ2017 የስራ ዘመኖች ሁለት ሁለት ዓመት ሄደዋል። እንደውም ለጆንሰን አንድ ነገር ልስጠው፣ የ2017ቱ የስራ ዘመን በጣም ረዝሞ ስለነበር መዝጋቱ በራሱ ነውር አልነበረም።

ነውሩ የቀኑ ብዛት ነው። ለአዲሱ የንግስቲቱ ንግግር (መንግስት ፅፎት አዲሱን የስራ ዘመን የሚከፍተው) ለመዘጋጀት የሚፈጀው ከአራት እስከ ስድስት ቀን ነው። ጆንሰን የወሰደው አምስት ሳምንት። አገሪቱ ኦክቶበር 31 ከአውሮፓ ህብረት ልትወጣ ቀን ተቆርጦላት፣ ከክረምት እረፍት በኋላ ያላት ስምንት ሳምንት ብቻ ሆኖ፣ ከዛ ላይ አምስቱ። በትምህርት ቤታችን ቋንቋ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው ሲባል ዳይሬክተሩ ሰኔ 30ን ወደ ግንቦት ጎትቶ ደወል አስመታ። ምሳሌው የሚያነክሰው ግን እዚህ ጋ ነው፣ እዛ ኢንስፔክተሮቹ ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ዳይሬክተሩን የሚቆጣጠሩት፣ ሲያስፈልግም የሚያወርዱት እነሱ ናቸው፣ እና የተባረሩት እነሱ ናቸው።

"ለማንኛውም እኮ በፓርቲ ጉባኤ ምክንያት ሶስት ሳምንት እረፍት ይወጡ ነበር" ይላል ተንታኙ። ወንድሜ፣ ዋናው ነገር ያመለጠህ እዚህ ላይ ነው። እረፍት የሚወጡት ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ነው፣ ካልፈለጉ አይወጡም። እረፍት ላይ ሆነውም ኮሚቴዎቻቸው ይሰበሰባሉ፣ ባለስልጣን ጠርተው ይጠይቃሉ። ፕሮሮጌሽን ላይ ድምፅ የለም፣ ኮሚቴ የለም፣ ጥያቄ የለም። ከውጭ መጥቶ የሚወድቅባቸው ነገር ነው። ለዛም ነው ሴፕቴምበር 10 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስነ ስርዓቱ ሲደረግ ብዙዎቹ የተቃዋሚ አባላት ሎርዶች ጋ አንሄድም ብለው አዳራሹ ውስጥ ቀርተው "አፋችን ተዘጋ" የሚል ወረቀት ይዘው ሲዘምሩ የነበረው፣ እምቢ የሚሉበት ድምፅ ስላልነበራቸው።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ፍርድ ቤቱም የያዘው ይሄንኑ ነው። መንግስት "ይሄ የፓርላማ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ ከ1689ኙ የመብቶች ህግ ጀምሮ ፍርድ ቤት አይገባበትም" ብሎ ነበር፣ ሴፕቴምበር 24 የፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ሌዲ ሄል ያነበበችው የ11 ዳኞች ውሳኔ ደግሞ በአንድ ድምፅ፣ አባላቱ ያልተናገሩበትና ድምፅ ያልሰጡበት ነገር እንዴት የፓርላማ ስራ ይባላል አለ። ጆንሰን ውስጡ ምን አስቦ ነበር የሚለውን አልነኩም፣ እዚህ ላይም ሰዉ ሁሌ ይሳሳታል፣ "ፍርድ ቤቱ ንግስቲቱን ዋሽቷል አለው" የሚባለው ውሳኔው ውስጥ የለም። ያሉት ፓርላማው ስራውን እንዳይሰራ ያደርጋል፣ በቂ ምክንያትም አልቀረበም፣ ስለዚህ ምክሩ ህገወጥ ነው፣ ትዕዛዙም ባዶ ነው፣ ኮሚሽነሮቹ ያን ሌሊት የገቡት ባዶ ወረቀት ይዘው እንደሆነ ይቆጠራል። የተዘጋው ፓርላማ ተከፈተ ሳይሆን መጀመሪያውኑ አልተዘጋም!

ይሄ ቀልድ የሚመስል መዘዝ ነበረው። ያን ሌሊት የፓርላማውን ህንፃ ለማደስ የወጣው ህግ በስነ ስርዓቱ ላይ የንግስቲቱ ይሁንታ ተነግሮለት ህግ ሆኖ ነበር፣ ስነ ስርዓቱ እንዳልነበረ ሲቆጠር ይሁንታውም አብሮ ጠፋ፣ ኦክቶበር 8 እንደገና ሊነገርለት ግድ ሆነ። የሞቱት ረቂቆች ደግሞ በተቃራኒው ነፍስ ዘሩ፣ የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከተው ረቂቅ አንዱ ነው። እዛው ኦክቶበር 8 ፓርላማው በደንቡ ለስድስት ቀን ተዘጋ፣ ማንም ፍርድ ቤት አልሄደም።

ወደኛ ስንመጣ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት (በኛ አቆጣጠር) የ1948ቱ ህገ መንግስት ንጉሠ ነገሥቱ ፓርላማውን ማገድ ይችላሉ ይላል፣ ግን ከ30 ቀን ላልበለጠ። በሌላው ሁሉ አይወዳደርም፣ ፓርቲ የሌለበት ፓርላማ ነበር፣ ቁጥሩ ግን ተፅፏል። የአሁኑ ህገ መንግስት ደግሞ የምክር ቤቱን ዓመታዊ የስራ ጊዜ መዝጊያ ራሱ ሰኔ 30 ብሎ ቆርጦታል። እንግሊዝ በቀን የተቆጠረ ገደብ የላትም፣ በተግባር የሚይዛት በጀት በየዓመቱ መፅደቅ ስላለበት ነው። ከ2019 በኋላም አልተፃፈም፣ የ2022ቱ አዋጅ ፍርድ ቤት እንዳይገባበት የዘጋው መበተንን ነው፣ ፕሮሮጌሽን እዛ ውስጥ የለም።

ካናዳ ያላችሁ ደግሞ በቅርብ አይታችሁታል። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶ ጃንዋሪ 6፣ 2025 ስልጣን እለቃለሁ ሲል በዛው ፓርላማውን እስከ ማርች 24 አዘጋ፣ ያፀደቀችው እዛው የነበረችው የንጉሱ ወኪል፣ ጠቅላይ ገዥ ሜሪ ሳይመን ናት፣ ንጉስ ቻርልስ ለንደን ነው ያለው። ክስ ቀረበ፣ የፌደራል ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ከዛ በትሩዶ ቦታ ካርኒ መጣና ማርች 23 ምርጫ ጠራ፣ ያኔ ነው ፓርላማው በትክክል የተበተነው፣ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው።