የላባ ቤት ሠራተኞች

የዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ለንስሐ አባቴ «አባ፣ እዚያ መሥሪያ ቤት በቃኝ፤ ልለቅ ነው» ብዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አማረርኩ። ስለ ሥራ አስኪያጁ፣ በየወሩ ስለሚዘገየው ደመወዝ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በቴሌግራም ግሩፕ ስለሚለቀቅብን ስድብ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ቤትህ ሠራተኛ አለች?» አሉኝ። አለች። «እሷስ ስለ አንተ ለማን ነው የምታማርረው?» አሉኝ። ጥያቄው ከጉዳዬ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም ነበር።

እስቲ ኦሪት ዘፍጥረት 29ን ክፈቱና እስከ 31 አንብቡ። ያዕቆብ ባዶ እጁን ከአጎቱ ከላባ አገር ሲደርስ ላባ አቅፎ ስሞ ተቀበለው፤ አጥንቴ ሥጋዬ ነህ አለው። «እኛ እዚህ ድርጅት ቤተሰብ ነን» ተብላችሁ የተቀጠራችሁ ይህን አቀባበል ታውቁታላችሁ። የላባን ታናሽ ልጅ ራሔልን ሊያገባ ብሎ 7 ዓመት ሠራ፤ ከሠርጉ በኋላ ሲነጋ ታላቋ ልያ ሆና ተገኘች። ምነው ሲል ደግሞ፣ በእኛ አገር ታላቋ ሳለች ታናሿን መዳር ወግ አይደለም ተባለ። እንዴ፣ ይሄ ወግ 7 ዓመት ሙሉ የት ነበር? ቅጥር ውሉ ላይ የሌለ «የድርጅቱ አሠራር» የሚባል ነገር ልክ መብታችሁን የጠየቃችሁ ቀን ከመሳቢያ ይወጣ የለ? እንደዚያ ነው። ከዚያ ለራሔል ሌላ 7 ዓመት፣ ከዚያ ለመንጋው 6፣ ድምሩ 20። ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት።

እኔን የሚገርመኝ ግን 30፥27 ነው። ላባ፣ እግዚአብሔር በአንተ ምክንያት ባርኮኛል ብሎ በገዛ አፉ ይናገራል። የያዕቆብን ዋጋ አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። ስለዚህ «ልፋቴን ቢያውቁልኝ ኖሮ» እያልን ራሳችንን ባናታልል ጥሩ ነው። ያውቃሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ አንድ ሰው 1ኛ ጴጥሮስ 2፥18ን መጥቀሱ አይቀርም። ለበጎዎቹ ብቻ ሳይሆን ለጠማሞቹ ጌቶችም ተገዙ ይላል። አዎ፣ ይላል። ግን ሐዋርያው የጻፈው ልሂድ ቢሉ መሄድ ለማይችሉ ሎሌዎች ነው። ጳውሎስ ደግሞ ባሪያ ሆኖ የተጠራውን ሰው፣ አርነት መውጣት ከቻልክ ውጣ ይለዋል (1ኛ ቆሮ. 7፥21)። እኛ ባሮች አይደለንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ይፈቅድለታል፤ ምን ሲሠራ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የሚገልጽ ወረቀትም የማግኘት መብት አለው። መልቀቅን ከትዕግሥት ማጣት የሚቆጥር ሰው ይህን ያስብበት።

መቆየትም ኃጢአት አይደለም። ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበትን ሰው «በእምነት ውጣ» የሚሉት ሰዎች ኪራዩን አይከፍሉለትም። ያዕቆብ 14ቱን ዓመት ጨርሶ ልሂድ ካለ በኋላ 6 ዓመት የጨመረው፣ ለራሴ ቤት መቼ ልሥራ ብሎ ነው (30፥30)።

በመጨረሻ ሲሄድ ሳይናገር ነው የጠፋው፤ ላባ በጉን ሊሸልት በሄደበት። ራሔልም የአባቷን ጣዖታት ሰርቃ ወጣች። (የደንበኞችን ስልክ በፍላሽ ገልብጣችሁ ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ድንኳን ለድንኳን እየዞረ የተደረገውን ፍተሻ አንብቡት።) ላባ 7 ቀን አሳዶ ገለዓድ ላይ ደረሰበት። ያኔ ያዕቆብ ተቆጣ ይላል። ሁሉንም ዘረገፈው። 20 ዓመት፣ 14ቱ ለሴት ልጆችህ፣ 6ቱ ለመንጋህ። አውሬ የሰበረውን ከእኔ ታስከፍል ነበር። ቀን ሐሩር፣ ሌሊት ቁር በላኝ። ልብ በሉ፣ ቆጥሯል። መንፈሳዊ ሰው ሒሳብ አይዝም የሚል ካለ ይህን አንብቡለት። ትርፍ ሰዓታችሁን መዝግቡ። በቃል የተነገራችሁን «በጽሑፍ ይሁንልኝ» በሉ።

ወደ አባ ጥያቄ ልመለስ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ፤ ጾም ስለሆነ ተረቱን አልጨርሰውም። አባ ዘንድ ከመሄዴ በፊት እንዲህ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ የሒሳብ ክፍሏን ልጅ አስቆማት። የሠራችውን ሪፖርት ከፍ አድርጎ «ይሄን የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነው የሠራው?» አለ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የተሳሳተውን ቁጥር የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ጫፉን እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ እንደገና እያጠፈች ስብሰባው እስኪያልቅ ቆየች።

የዚያ ወር ደመወዝ ደግሞ ከወሩ መጨረሻ 12 ቀን ዘገየ። ቤት ያለችው ልጅ «ጋሼ፣ ወሩ እኮ አለቀ» ስትለኝ «እኔስ መቼ ተከፈለኝ? ትንሽ አትታገሺም?» አልኳት። ቃሉ የማን እንደሆነ ያወቅሁት አባ ፊት ነው። ሥራ አስኪያጁም ስንጠይቀው የሚለን ይህንኑ ነው፦ ትንሽ አትታገሡም? ዘዳግም 24፥15 የድኻውን ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው፣ በአንተ ላይ ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽ ይላል። እኔ በዚህ ጥቅስ በአለቃዬ ላይ ስጸልይ ከርሜያለሁ።

አባ «ልቀቅም አትልቀቅም አልልህም» አሉኝ። «መልቀቂያህን ከማስገባትህ በፊት ግን ሁለት ሰዎች ዘንድ ሂድ።»

የሒሳብ ክፍሏን ልጅ ሻይ ጋብዣት ተናዘዝኩ። «አውቄ ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ሻይዋንም አልጨረሰችም። በነጋታው ለሥራ አስኪያጁ፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ያን ቀን የሳቀ ሰው ሁሉ ባለበት ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። ማንም አልመለሰልኝም።

ማታ ቤት ገብቼ የልጅቷን ደመወዝ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት፤ ስላዘገየሁትም ስለተናገርኳትም ይቅርታ ጠየቅሁ። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለች። ፊቴ ቆማ ብሩን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ አቀርቅራ፣ ግን ድምፅዋን ሳትቀንስ፣

«ጋሼ» አለችኝ፣ «የጥር 300 ብርም አለ። ብርጭቆ ሰበርሽ ብለው የቆረጡት።»