«ሕንፃችን ሊሸጥ ነው» ሲባል፦ በዲሲ ስለ ከተማው የቤት ብድር የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የኪራይ ሕንፃ ሊሸጥ ሲል፣ በ1980 የወጣው «ቶፓ» የሚባለው ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ለተከራዮች የመግዛት ቅድሚያ ይሰጣል። ተከራዮች መብቱን ለትርፍ ላልተቆመ የቤቶች ድርጅት ማስተላለፍም ይችላሉ። ድርጅቱ ሕንፃውን ገዝቶ ኪራዩን ዝቅ አድርጎ ለማቆየት የከተማው ብድር ያስፈልገዋል። በዚህ ብድር ዙሪያ በየስብሰባው የሚደጋገሙ ግን ልክ ያልሆኑ ወሬዎች አሉ።

«መንግሥት የሚሰጠው የነፃ ገንዘብ ነው»

ብድር ነው፤ ሕንፃውም በመያዣነት ይመዘገባል። የሚለየው አከፋፈሉ ነው። መጀመሪያ ባንኩ ይከፈላል፤ ከተማው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከወጪና ከባንክ ክፍያ ከተረፈው ላይ ነው። ባልተረፈበት ዓመት ዕዳው ይተላለፋል እንጂ አይሰረዝም። ገንዘቡ የሚመጣው በዋናነት የቤቶች ማምረቻ ትረስት ፈንድ ከሚባለው የከተማው የገንዘብ ቋት ሲሆን፣ ፈንዱ ከንብረት ማስተላለፊያና ማስመዝገቢያ ግብር 15 በመቶ ይደርሰዋል። በምላሹ የኪራይ ቤቶቹ ቢያንስ 40 ዓመት በተገደበ ዋጋ ይቆያሉ።

«ባንክ እያለ የከተማው ብድር ምን ያደርጋል?»

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ለምሳሌ ያህል 20 ቤት ያለው፣ እያንዳንዱ በወር 1,400 ዶላር የሚከራይ ሕንፃ እንውሰድ። በዓመት 336,000 ዶላር ይሆናል። ባዶ ለሚቆይና ለማይከፈል 5 በመቶ ሲቀነስ 319,200 ይቀራል። ለኢንሹራንስ፣ ለውኃ፣ ለጥገና፣ ለአስተዳደርና ለመጠባበቂያ በቤት 9,000 ዶላር ቢወጣ 139,200 ይተርፋል። ባንክ ግን ይህን ሁሉ ለዕዳ አይቆጥርልህም፤ ይህ የተረፈው ገንዘብ የዓመታዊ የብድር ክፍያው ቢያንስ 1.15 እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋል። በ6.5 በመቶ ወለድና በ30 ዓመት ክፍያ ሲሰላ የሚያበድረው ወደ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሕንፃው በ3.5 ሚሊዮን ቢሸጥና እድሳቱ 1.6 ሚሊዮን ቢፈጅ የ3.5 ሚሊዮን ጉድለት ይቀራል። ጉድለቱን ሁሉ በባንክ ብድር እንሙላው ከተባለ፣ ያው 1,400 የነበረው ኪራይ ወደ 2,740 መድረስ አለበት። ከተማው የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

«ድርጅቱ ከገዛ በኋላ ችግር የለም»

እንዲያውም ዋናው ፈተና ያኔ ይጀምራል። ግዢው የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ በአጭር ጊዜ መሸጋገሪያ ብድር ነው፤ በ2017 በ10 ሚሊዮን ዶላር የከተማ ገንዘብ የተጀመረውና የግል አበዳሪዎች የሚጨምሩበት የቤቶች ማቆያ ፈንድ ለዚህ ነው የተቋቋመው። የረጅም ጊዜው ገንዘብ ከዘገየ የመሸጋገሪያው ወለድ እየተጠራቀመ ለእድሳት የታሰበውን ይበላል።

ሌላው ሕንፃውን በጥድፊያ መመርመር ነው። ከመግዛት በፊት ጣሪያውን፣ ቦይለሩን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑንና ቁም የውኃ ቧንቧዎቹን መሐንዲስ ማየት አለበት። ከ1978 በፊት በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የእርሳስ ቀለም ይኖራል ብሎ መነሳት ይሻላል። የዛገ ቧንቧ የሚታየው ግድግዳ ሲፈርስ ስለሆነ፣ በእድሳት በጀት ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያልያዘ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም።

ኪራይ አለመክፈልም አለ። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ የዲሲ ድርጅቶችን ክፉኛ የጎዳው ይህ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ከ20 ቤት ሦስቱ ዓመቱን ሙሉ ባይከፍሉ 50,400 ዶላር ይጎድላል። የባንኩ ዓመታዊ ክፍያ 121,000 ገደማ ስለሆነ፣ ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ሳይነካ አይቀርም።

«ብድሩ ካለ ኪራይ አይጨምርም»

ይጨምራል፤ ግን ጣሪያ አለው። ኢንሹራንስና ውኃ በየዓመቱ እየተወደዱ ኪራይን ለዓመታት ማቆም ሕንፃውን ቀስ ብሎ መግደል ነው።

«ለደሃ ደሃ ብቻ ነው፤ ገቢዬ ካደገም ያስወጡኛል»

መለኪያው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ ነው፤ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮችም አብረው ስለሚቆጠሩ ከፍ ይላል። በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ 154,700 ዶላር ነበር፤ ገደቡ ግማሹ ቢሆን እንኳ 77,350 ነው። ሁለት ሠራተኛ ያለበት ብዙ ቤት እዚህ ውስጥ ይገባል።

ገቢ በየዓመቱ ይጣራል፤ ገቢ ከፍ ማለቱ ብቻውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤት አያስወጣም። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ተከራዮች ልብ ይበሉ፦ የሚቆጠረው ከመተግበሪያው የሚታየው ጠቅላላ ገቢ ሳይሆን ነዳጅ፣ ጥገናና የመሳሰለው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። የታክስ ወረቀታቸውን ሳያቀርቡ «አላልፍም» ብለው የሚቀሩ አሉ፤ አያስፈልግም።

«የተከራዮች ማኅበር የምናቋቁመው ገዢ ሲመጣ ነው»

ያኔ ይረፍዳል። አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ባለው ሕንፃ፣ ለዓመታት በሠራው ደንብ፣ ማኅበር የሌላቸው ተከራዮች የሽያጭ ማስታወቂያው ከደረሳቸው ጀምሮ አቋቁመው ለመመዝገብ 45 ቀን ብቻ ነበራቸው። ለድርድር 120 ቀን ይከተል ነበር፤ ሻጩ የሚጠይቀው ቀብድም ከዋጋው 5 በመቶ አይበልጥም ነበር። በ3.5 ሚሊዮኑ ሕንፃ ይህ እስከ 175,000 ዶላር ነው፤ ስለዚህ ድርጅቱ ቀደም ብሎ መመረጥ አለበት። ሕጉ በ2025 ስለተሻሻለ፣ በእጃችሁ ባለው ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ቀን ይዛችሁ የቤት ጉዳይ ጠበቃ ጋ ሂዱ። በ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ በከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። «መብትህን ልቀቅ፤ ፈርመህ ይህን ያህል ውሰድ» የሚል ወረቀት በር ላይ ከመጣ ጠበቃው ሳያየው አትፈርሙ።