«ሬድ-ሃንድድ»፦ እንግሊዝኛ ሌባን እጅ ከፍንጅ ሲይዝ

እንግሊዞች አንድን ሰው ጥፋት ሲፈጽም ሲደርሱበት «ኮት ሬድ-ሃንድድ» ይላሉ። እጁ እንደቀላ ተያዘ እንደማለት ነው። እኛ እጅ ከፍንጅ የምንለው መሆኑ ነው። ብስኩት ሲሰርቅ ለተያዘ ሕፃንም ይሉታል። ታዲያ ብስኩት እጅን መቼ ያቀላል?

ቅላቱ የደም ነው። አባባሉ የስኮትላንድ ሕግ ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1432፣ በስኮትላንዱ ንጉሥ በቀዳማዊ ጄምስ ዘመን በወጣ ድንጋጌ ላይ «ሬድ ሃንድ»፣ ማለትም ቀይ እጅ፣ ተብሎ ተጽፏል። ሰው ገድሎ እጁን ሳይታጠብ የተገኘ ለማለት ነው። ነገሩ የአነጋገር ማሳመሪያ ብቻ አልነበረም። ጆርጅ ማኬንዚ የተባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ ሰው፣ ተጠርጣሪው በቀይ እጁ ካልተያዘ ሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው ዳኛ፣ ሊዳኘው እንደማይችል ጽፏል። ለሸሪፉ ሥልጣን የሚሰጠው ደሙ ነበር ማለት ይቻላል። የአባባሉ ምንጭ ነው እየተባለ ስለ አየርላንዷ አልስተር ግዛት ቀይ እጅ የሚወራ አፈ ታሪክም አለ። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ከዚህ አባባል ጋር ግን አይገናኝም።

ልብ በሉ፣ የድሮው አባባል «ሃንድ» ላይ ያበቃል፤ ሁለተኛዋ «ድ»፣ ማለትም በእንግሊዝኛ «-ed» ተብላ የምትጻፈው ቅጥያ፣ የለችውም። ደራሲው ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1819 ባሳተመው አይቫንሆ በተባለው ልብ ወለድ ላይ ግን ዛሬ የምናውቀው «ሬድ-ሃንድድ» ይገኛል። ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህች ጋ ነው። ቅጥያዋን ሲያይ ያለፈ ጊዜ ግስ ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ «ቀይ» እና «እጅ» ይጣመራሉ፤ ቅጥያዋ ከዚያ በሁለቱ ላይ ትቀጠላለች። ሥራዋ ከ«ሀብት» «ሀብታም» ከሚያወጣው ቅጥያችን ጋር ይመሳሰላል፦ ባለ ቀይ እጅ። «ካይንድ-ሃርትድ»ም እንዲሁ ባለ ደግ ልብ ነው። እኛ ስሙን አስቀድመን ልበ ቀና፣ እጀ ረጅም እንላለን። እነሱ ቅጽሉን ያስቀድማሉ፤ ጅራቷን ደግሞ መጨረሻ ላይ።

ሲላብሉም፣ ማለትም ቃሉ ሲነገር የሚከፈልበት የድምፅ ቁራጭ፣ የራሱ ጣጣ አለው። ቃሉ ሦስት ነው፦ ሬድ፣ ሃን፣ ድድ። ቅጥያዋ ራሷን ችላ ሲላብል የምትሆነው ከ«ት» ወይም ከ«ድ» ድምፅ በኋላ ስትመጣ ነው። ስለዚህ «ብሉ-አይድ»፣ ባለ ሰማያዊ ዓይን፣ ያው ቅጥያ እያለው ሁለት ብቻ ነው። መዝገበ ቃላት «ሬድ-ሃንድ-ድ» ብሎ «ሃንድ»ን ሳይቆርጥ ይከፍለዋል፤ የቃሉን አሠራር ተከትሎ ነው። አፍ ግን የ«ሃንድ»ን «ድ» ነጥቆ ለቅጥያዋ ይሰጣታል። ኃይሉ የሚያርፈው «ሃን» ላይ ነው፤ «ሬድ»ን ብቻ ጮክ አድርጎ «ሃንድድ»ን መዋጥ ጆሮ ይቆረቁራል።

ዛሬ ደሙ ተረስቷል። ጉቦ ሲቀበል የተያዘ ባለሥልጣንም፣ ፈተና ሲኮርጅ የተደረሰበት ተማሪም «ሬድ-ሃንድድ» ነው። ቃሉ ግን «ተያዘ» ከሚለው ግስ ብዙም አይርቅም፤ «እሱ ሬድ-ሃንድድ ነው» ብላችሁ ብቻ ብትተዉት ሰሚው «እና ማን ያዘው?» ማለቱ አይቀርም።