የኦሞ ዴልታ፦ ሌላ አገር የዘነበ ዝናብ የሚያበላው ምድር

የኦሞ ወንዝ ግቤንና ጎጀብን የመሳሰሉ ገባሮቹን ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ አሰባስቦ፣ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በኬንያ ወሰን አጠገብ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክምና የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። የኦሞ ዴልታ በዚህ ደለል የተሠራ ሜዳ ነው፤ ወንዙ እዚያ ላይ እንደ ወፍ እግር ጣቶች ተከፋፍሎ ውሃው ውስጥ ይሰወራል። በአስተዳደር አብዛኛው የዳሰነች ወረዳ ነው፤ የወረዳው ከተማ በወንዙ ዳር የምትገኘው ኦሞራቴ ናት።

አካባቢው ሞቃትና ደረቅ ቆላ ነው፤ በራሱ ዝናብ ብቻ እህል አበቅላለሁ ማለት ዘበት ነው። ዴልታውን ለዘመናት ያኖረው ከሰኔ እስከ መስከረም በሩቁ ደጋ የሚዘንበው ክረምት ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ኦሞ ከአፉ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሳል፤ ሲመለስ ርጥብና ለም ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ዳሰነቾች ውሃው የለቀቀውን መሬት እየተከተሉ ማሽላ ይዘራሉ። በጣና ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ባሕር ሽሽት ከሚሉት እርሻ ጋር ይመሳሰላል። ማዳበሪያም ቦይም አይፈልግም፤ የሚፈልገው እውቀት ነው። የትኛው እርሻ ቀድሞ እንደሚጠነፍፍ፣ ጎርፉ ዘንድሮ እስከ የት እንደሚደርስ፣ መቼ እንደሚዘራ ማወቅ የትውልድ ትምህርት ይጠይቃል። ብዙ ጎብኚ ስለ ዳሰነች የሚያነሣው ጌጥና ጭፈራ ቢሆንም፣ እኔ የዚህን ሕዝብ ትልቅ ቅርስ የማየው በዚህ እርሻ ላይ ነው።

ዳሰነችኛ ከኩሽ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕዝቡ በስምንት ጎሳዎች ተከፍሎ ይኖራል፤ ኑሮው ከብት፣ ማሽላና ዓሣ ነው። የክብር መለኪያው ከብት ሲሆን፣ መንጋው በድርቅ ወይም በበሽታ ያለቀበት ቤተሰብ ወደ ውሃው ዳር ወርዶ ዓሣ በማጥመድ ይተርፋል። ዴልታው ለድሃ መጠጊያ ነው ማለት ይቻላል። ጎጆውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ከእንጨት የተጎነጎነ ዝቅተኛ ክብ ቤት ሲሆን ድሮ በቆዳ ይሸፈን ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮም ይደረብበታል። ከሥርዓቶች ሁሉ ትልቁ ዲሚ ነው። አባት ለሴት ልጁ ከብት አርዶ ይደግሳል፤ ልጅቱ ለወደፊት ትዳሯና ለመውለዷ ትመረቃለች፤ አባትየውም ከዚህ በኋላ ከሽማግሌ ተራ ይገባል። ልጅ የምትመረቅበት ድግስ አባትንም ወደ ሌላ የዕድሜ ደረጃ የሚያሻግር መሆኑ ከሁሉም ይልቅ ይማርከኛል።

ውሃው ራሱ ታሪክ አለው። ከዛሬ 8,000 ዓመት በፊት ገደማ ቱርካና ከአሁኑ ብዙ ከፍ ብሎ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይፈስ ነበር፤ ዛሬም በሐይቁ የናይል ፐርች ዓሣና የዓባይ አዞ የሚገኙት ስለዚህ ነው። አሁን ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የሚገባውን ውሃ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ከሚገባለት ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኦሞ ስለሆነ፣ ወንዙ ሲጎድል ሐይቁ ይሸሻል፣ ዴልታውም ወደ ደቡብ ይሰፋል፤ ሲሞላ ደግሞ ያው መሬት ተመልሶ ይሰጥማል።

ከዴልታው በስተሰሜን ያለው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1967 በዚሁ ሸለቆ ኪቢሽ በተባለ ቦታ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል 195,000 ዓመት ዕድሜ እንዳለው ሲነገር ቆይቶ፣ በ2022 የወጣ ጥናት ከ230,000 ዓመት በላይ አድርሶታል። ምዝገባው ያተኮረው በቅሪተ አካልና በጥንት የድንጋይ መሣሪያ ላይ ነው፤ የጎርፍ እርሻው ከተመዘገበበት ምክንያት ውስጥ አልገባም። ይህ ያሳዝነኛል።

በኦሞ ላይ ተሠርቶ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም የተመረቀው ግልገል ግቤ 3 ግድብ 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኤሌክትሪክ ለሚያስፈልጋት አገር ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የወንዙን ፍሰት ዓመቱን ሙሉ ሲያስተካክለው፣ ሜዳውን የሚያለብሰው የክረምት ጎርፍ ቀነሰ። ይህን ለመካስ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ለመልቀቅ ታቅዶ ነበር። ለኩራዝ ስኳር ልማት የሚጠለፈው መስኖም ከዚሁ ወንዝ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2018 በኬንያ በኩል ያሉትን የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸዋል።

ጎርፉ ሁልጊዜ ቸር ነበር ማለት ግን አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም ኦሞ ድንገት ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ገድሏል፤ ብዙ ሺህ ከብትም ወስዷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሐይቁ እየጨመረ የግጦሽ መሬትና መንደሮችን ስላጠለቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ከፍታ ተሰደዋል።

ወደ ዴልታው የሚሄድ ሰው ከጂንካ ተነሥቶ በቱርሚ በኩል ኦሞራቴ ይገባል። ማዶ ያሉትን መንደሮች ለማየት ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ መሻገር የተለመደ ነው። አብዛኛው እንግዳ ፎቶ አንሥቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ጊዜ ያለው ግን ማሳው ድረስ ይሂድ፤ ሽማግሌዎቹን ዘንድሮ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ይጠይቃቸው።