ተከላካይ ጠበቃ ምንድን ነው? ጠጥቶ በማሽከርከር የተያዘ ሰው ማንን ይምረጥ?

«ዐቃቤ ሕግ» እና «ጠበቃ» በችሎት ፊት ለፊት ይቆማሉ እንጂ በቃል ደረጃ ዘመዳሞች ናቸው። «ዐቃቢ» በግእዝ ጠባቂ ማለት ነው፤ «ጠበቃ»ም ከ«ጠባቂ» አይርቅም። አንዱ ሕጉን ይጠብቃል፣ ሌላው ሰውየውን። ተከላካይ ጠበቃ ማለት በወንጀል ለተከሰሰ ሰው የሚቆም፣ ክሱ ሕጉ በሚጠይቀው ልክ ካልተረጋገጠ በቀር ደንበኛው እንዳይቀጣ የሚሟገት ባለሙያ ነው። ደንበኛዬ ንጹሕ ነው ብሎ መማል ሥራው አይደለም። «ሰውየው ጠጥቷል፤ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ በሰውየው ደም ውስጥ አለ በተባለው የአልኮል መጠን ላይ። የሰው ምስክር ሊረሳ፣ ሊዋሽም ይችላል፤ ቁጥር ግን አይዋሽም ብለን እናምናለን፤ ተከሳሹም ወረቀቱን ሲያይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ያንን ቁጥር አንድ ሰው፣ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ሰዓት ላይ ነው የለካው። ለዚህ ጉዳይ የሚመረጠው ጠበቃ እንግዲህ አንደበተ ርቱዑ ሳይሆን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መርምሮ የሚያውቀው ነው።

ገደቡ በየአገሩ ይለያያል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በደም ውስጥ 0.08 በመቶ ነው፤ ይህም በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ማለት ነው። ዩታ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 0.05 አውርዳዋለች፤ ስዊድን ደግሞ 0.02 ላይ ታቆማለች። በትንፋሽ የሚለካው መሣሪያ ግን ደሙን አያየውም። ከሳንባ የሚወጣውን አየር ለክቶ ወደ ደም መጠን ያሰላል፤ ለስሌቱም ብዙዎቹ መሣሪያዎች በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ብለው ይነሣሉ። ብሪታንያ በ2,300 ታሰላለች። የሰው ሰውነት ግን በአንድ ሒሳብ አልተሠራም፤ ከሰው ሰው፣ ከሰዓት ሰዓትም ይለያያል።

ቀላል የሚመስል ሌላም ነገር አለ። ሰውየው ከመለካቱ በፊት ካገሳ ወይም ካስመለሰ፣ አፉ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ነው በብዙ ቦታ መርማሪው ቢያንስ 15 ደቂቃ ተከሳሹን እያየ እንዲቆይ የሚጠበቀው። «እያየ» የሚለው ቃል ብዙ መዝገብ ላይ ይሰበራል፦ ፖሊሱ ቅጽ ሲሞላ፣ ስልክ ሲያነሣ፣ መኪናውን ሲያስጎትት ማን ነበር የሚያየው?

ደም ሲቀዳ ደግሞ ጥያቄው ወደ ብልቃጡ ይዞራል። በብልቃጡ ውስጥ ደሙ እንዳይቦካ የሚከላከል ሶዲየም ፍሎራይድ መኖር አለበት፤ ከሌለ፣ ወይም ናሙናው ሙቀት ላይ ከቆየ፣ ተሕዋስያን ራሳቸው አልኮል ሊሠሩ ይችላሉ። ሆስፒታል ለሕክምና ብሎ የለካው ውጤት ከሆነም ብዙ ጊዜ የተለካው ሙሉው ደም ሳይሆን ፈሳሹ ክፍል ብቻ ነው። ያ ቁጥር ከሙሉ ደም ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ገደቡ ላይ ለቆመ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን የሰዓቱን ነገር ነው። አንድን ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ፖሊስ አስቆመው እንበል፤ የተለካው 5 ሰዓት ከ10 ላይ ነው፤ ውጤቱ 0.09። የመጨረሻውን ብርጭቆ የጨረሰው 3 ሰዓት ከ45 ላይ ከሆነ፣ አልኮሉ መሪውን በያዘበት ሰዓት ገና ወደ ደሙ እየገባ ነበርና መጠኑ ከ0.08 በታች ሊሆን ይችላል። አልኮል ደም ውስጥ ጫፍ ለመድረስ በአብዛኛው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። መጠጡን ያቆመው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰውነት በሰዓት ወደ 0.015 ገደማ ስለሚያወጣ፣ 4 ሰዓት ላይ የነበረው መጠን ወደ 0.11 ይጠጋል። እንግዲህ ይህን ክርክር ሳያሰላ የሚያነሣ ጠበቃ ደንበኛውን በገዛ እጁ ጉድጓድ ይከታል። አንዳንድ ሕጎች ደግሞ ከማሽከርከሩ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ የተገኘውን ውጤት ብቻ ስለሚመለከቱ ስሌቱ ጭራሽ ላይጠቅም ይችላል። ሒሳቡ አዲስ አይደለም፤ ስዊድናዊው ኤሪክ ዊድማርክ ቀመሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ አሜሪካዊው ሮበርት ቦርከንስታይን ታዋቂውን የትንፋሽ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1954 ከመሥራቱ በፊት ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ጠበቃው ምን እንደሚጠይቅ ማዳመጥ ነው። «ስንት ብርጭቆ ጠጣህ?» ብሎ ወደ ክፍያ የሚሻገር አለ። ሌላው ወረቀት ያወጣና መስመር ያሰምራል፦ የመጀመሪያው ብርጭቆ፣ ምግብ፣ የመጨረሻው ብርጭቆ፣ መኪና ማስነሣት፣ መቆም፣ መለካት፤ ከእያንዳንዱ ሥር ሰዓት ይጽፋል። ክብደትህን፣ የምትወስደውን መድኃኒት፣ የጉልበት ሕመም እንዳለብህ ይጠይቃል፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲፈትነው በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም ያቃተው ሰው ሁሉ ሰካራም አይደለምና። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ሳላመነታ እይዛለሁ።

ለዚህ ሰው ደግሞ እውነቱን መንገር ያስፈልጋል፤ ደንበኛ ለጠበቃው የነገረው ምስጢር ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለው ብሂል ለፖሊስ ጣቢያ እንጂ ለጠበቃ ቢሮ አልተባለም። ሦስት የጠጣ «አንድ ብቻ» ካለ ከላይ ያለው ሒሳብ በሙሉ ይበላሻል።

በብዙ መዝገብ ቁጥሩ ተመርምሮም ጸንቶ ይቆማል። ያን ጊዜ የጠበቃው ሥራ ቅጣት ማቅለያ መሰብሰብ፣ ከዐቃቤ ሕግ ጋር መነጋገር፣ ደንበኛው ሕክምና ወይም ትምህርት እንዲጀምር መምከር ይሆናል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን የሚናገር ጠበቃ ደስ አያሰኝም፤ ግን የሚታመነው እሱ ነው። «በነፃ አስወጣሃለሁ» የሚል ካለ ቦርሳን ይዞ መነሣት ነው። በአሜሪካ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በወንጀል ጉዳይ ክፍያን ከውጤቱ ጋር ማሰር ክልክል ነው።

ስለ ክፍያ ከተነሣ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የባለሙያ ምስክር ወጪና ይግባኝ ይካተቱ አይካተቱ ይለይ። ችሎት የሚቆመውም የተዋዋለው ሰው ራሱ ይሁን ወይስ ረዳቱ፣ አስቀድሞ ይታወቅ። መክፈል ለማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ የሚያቆምባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በጊዲዮን መዝገብ የወሰነው ይህንኑ ነው። በመንግሥት የሚቆሙት ጠበቆች ጫና ቢበዛባቸውም እነዚህን መዝገቦች በየቀኑ ስለሚያዩ ልምዳቸው አይናቅም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። መንጃ ፈቃድ የሚታገድበት መንገድ ብዙ ጊዜ ከወንጀል ክሱ ተነጥሎ በአስተዳደር መሥሪያ ቤት በኩል ይሄዳል፤ የራሱ ቀን አለው። በካሊፎርኒያ ተከሳሹ እግዱን ለመቃወም ቀጠሮ የሚጠይቅበት ጊዜ 10 ቀን ነው፤ በቴክሳስ 15። ክሱን እያሰበ ይህን ያሳለፈ ሰው ችሎት ሳይቀርብ ፈቃዱን ያጣል። ስለዚህ ጠበቃውን ገና በስልክ ሲያገኙት መቅደም ያለበት ጥያቄ «ስንት ታስከፍላለህ?» ሳይሆን «ስለ መንጃ ፈቃዱ ስንት ቀን አለኝ?» የሚለው ነው። ቀጥሎም የመለኪያው መሣሪያ ልኩን መጠበቁ የተፈተሸበትን መዝገብ ከማን እንደሚጠይቅ ይጠየቅ። ማንን ጠይቆ፣ በምን ማመልከቻ፣ በስንት ቀን እንደሚያገኘው ሳያመነታ የሚናገር ሰው መንገዱን ሄዶበታል።