የአውሮፕላን ነዳጅ ትነት ስሌት፣ ከአዳማ ከፍታ ሲታይ

የነዳጅ ትነት ስሌት የሚባለው በአውሮፕላን ታንከር ውስጥ ከነዳጁ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ምን ያህል ትነት እንደያዘና በብልጭታ ሊቀጣጠል ይችል እንደሆነ በቀመር መገመት ነው። የጄት አውሮፕላኖች ነዳጅ የሆነው ጄት ኤ-1 ከነጭ ጋዝ ብዙም አይለይም፤ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም። ትነቱ እሳት የሚይዝበት ሙቀት በባሕር ወለል ግፊት ሲለካ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ማነስ የለበትም።

አዳማ ግን ባሕር ወለል ላይ አይደለችም። ከጅቡቲ የሚመጣ ቦቴ አዳማ ሲገባ 1,700 ሜትር ገደማ ወጥቷል፤ የአየሩ ግፊትም አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል። የነዳጁን የትነት ግፊት የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ ከፍታው አይደለም። ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ የትነቱ ድርሻ ይጨምራል፤ 38 ዲግሪ የነበረው ወሰን እዚህ ወደ 34 ይወርዳል። አውሮፕላን ደግሞ ይህን ከፍታ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ስሌቱን የሚያከብደው የነዳጁ ቅይጥነት ነው። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሃይድሮካርቦኖች (የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህዶች) ስላሉ ከ5 እስከ 12 ካርቦን ባላቸው ጥቂት አልኬኖች፣ ማለትም ቀለል ያለ አሠራር ባላቸው ሃይድሮካርቦኖች፣ ይወከልና በራውልት ሕግ የእያንዳንዱ ግፊት በድርሻው ይባዛል። ቀላሎቹ ቀድመው ይተናሉ። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን መጉደላቸው አይታወቅም፤ ጥቂት ነዳጅ ብቻ ሲቀር ግን የተረፈው እየከበደ፣ ትነቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን የዘለለ ስሌት ባዶ ሊሆን ለተቃረበ ታንከር ባይታመን ይሻላል። በዚያ ላይ የቀዘቀዘው ግድግዳ ትነቱን መልሶ ጠል ያደርገዋል።

ጉዳዩ አንገብጋቢ የሆነው ሐምሌ 1996 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ በረራ 800 ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ተነስቶ 12 ደቂቃ ያህል እንደበረረ የመካከለኛው ታንከሩ ፈንድቶ 230 ሰዎች አለቁ። ታንከሩ ውስጥ የነበረው ነዳጅ ጥቂት ነበር፤ ከሥሩ ያሉት የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች መሬት ላይ ሳለ ከሁለት ሰዓት በላይ ሠርተው አሙቀውታል።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ደንብ ብዙ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ናይትሮጅን በመንፋት የታንከሩን ኦክስጅን ከ12 በመቶ በታች ወደ ማውረድ እንዲሄዱ አደረገ። ይህም ቢሆን ከፍታን አያስረሳም፤ ግፊቱ ሲቀንስ በነዳጁ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው አየር ኦክስጅኑን ይዞ ይወጣል፣ እሱም መሰላት አለበት።