የኦክስፎርድ ኧርልነት፦ አፈጣጠሩ፣ አወራረሱና አከሳሰሙ

የኦክስፎርድ ኧርልነት በእንግሊዝ መኳንንት ታሪክ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ የወንድ ሐረግ ረጅም ዘመን ከኖሩት ማዕረጎች ግንባር ቀደሙ ነው። ከ1141 እስከ 1703 ድረስ 562 ዓመት ሙሉ ከደ ቪር ቤት ሳይወጣ 20 ኧርሎች ተፈራርቀውበታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ዘመን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተገፎ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሷል፤ አንድ ጊዜ በፓርላማ ፊት ብርቱ ክርክር ተነሥቶበታል፤ በመጨረሻም ወንድ ወራሽ ጠፍቶ ቀርቷል። የእንግሊዝ ማዕረግ እንዴት እንደሚፈጠር፣ እንዴት እንደሚወረስና እንዴት እንደሚጠፋ መረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሟላ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ማዕረጎቹ ከላይ ወደ ታች ዱክ፣ ማርኩዊስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንትና ባሮን ናቸው። ኧርል ሦስተኛው ነው፤ በዕድሜ ግን ከአምስቱ እጅግ ጥንታዊው ነው። በንግሥ በዓል ቀን የሚደፋው ዘውድ ስምንት የብር ኳሶችና በየመካከላቸው ስምንት የእንጆሪ ቅጠሎች አሉት።

በአገራችን ደጃዝማችነትና ራስነት ንጉሥ የሚሰጣቸው ሹመቶች እንጂ ከአባት ወደ ልጅ በሕግ የሚተላለፉ አልነበሩም፤ የሚወረሰው ርስቱ ነበር። በእንግሊዝ ግን ማዕረጉ ራሱ እንደ ርስት የሚወረስ መብት ነው። ርስት በወንዶችና በሴቶች ልጆች መካከል ሲከፋፈል ኧርልነት ግን አይቆረስም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ይተላለፋል። ባለቤቱ ሊሸጠው፣ ሊናዘዘው ወይም ለሚወደው ልጅ ሊያሻግረው አይችልም። ወራሹን የሚወስነው ማዕረጉ ሲሰጥ የተጻፈው ቃል ነው።

ማዕረግ የሚፈጠርባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። በመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ ንጉሡ ለአዲሱ ኧርል ሰይፍ ያስታጥቀዋል፤ ከአውራጃው ፍርድ ቤት ገቢም ሲሶውን ይሰጠዋል። ይህ ሲሶ ከጊዜ በኋላ ቁርጥ ወዳለ የዓመት አበል፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 20 ፓውንድ ተለወጠ። ሁለተኛው መንገድ የጥሪ ደብዳቤ ነው። ንጉሡ አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ ወደ ፓርላማ ሲያስመጣውና ሰውየው ወንበሩን ሲይዝ፣ የሚወረስ ባሮንነት እንደተፈጠረ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ባሮንነት ወንድ ልጅ ከሌለ ለሴት ልጅ ይተላለፋል። ሦስተኛውና እስከ ዛሬ የዘለቀው መንገድ በታላቁ ማኅተም የታተመ የሹመት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የማዕረጉን ስም፣ የተቀባዩን ማንነትና የውርሱን ሐረግ ይዘረዝራል። የተለመደው ቃል «ለእርሱና ከአብራኩ ለሚወለዱ ወንድ ወራሾች» የሚል ነው።

የዚህ ዓይነቱ ደብዳቤ የእኛንም ምድር ስም በእንግሊዝ መኳንንት መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉ በሦስተኛው ወር፣ ሐምሌ 17 ቀን 1868፣ የዘመቻው አዛዥ ሮበርት ናፒየር «የማግዳላ ባሮን ናፒየር» ተባለ። ማዕረጉ በ1890 ለልጁ ተላለፈ፤ ያም ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት ወደ ወንድሙ፣ ከእርሱም ወደ ሌላው ወንድም ሄደ። ዛሬም አለ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መራራ የሆነው የመቅደላ ቀን በዚያ ማዶ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ሆኖ መቅረቱን ማወቅ ተገቢ ነው።

የኦክስፎርድ ኧርልነት የተወለደው በእርስ በርስ ጦርነት መሀል ነው። የአልጋ ወራሿ ማቲልዳና ንጉሥ ስቲቨን ለዘውዱ ሲፋለሙ ሁለቱም ወገኖች መኳንንቱን በማዕረግ ያባብሉ ነበር። በ1141 ማቲልዳ ለኦብሪ ደ ቪር በሰጠችው ደብዳቤ ላይ የቀረበለት ኬምብሪጅ ነበር፤ ነገር ግን አውራጃው በስኮትላንድ ንጉሥ እጅ ከሆነ ከኦክስፎርድ፣ ከበርክሻየር፣ ከዊልትሻየርና ከዶርሴት አንዱን እንዲመርጥ ተፈቅዶለታል። ኬምብሪጅ አልተገኘም፤ ኦክስፎርድ ደረሰው። የቤተሰቡ ዋና ግንብ ግን ኤሴክስ ውስጥ የሚገኘው የሄዲንግሃም ግንብ ነበር። ኋላ ሄንሪ 2ኛ ሹመቱን ከነሲሶው አጸናለት። አባቱ በ1133 ከሄንሪ 1ኛ የተቀበለው የታላቁ ቻምበርሌይን (የቤተ መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣን) ሹመትም በቤተሰቡ ውስጥ በውርስ የሚተላለፍ ነበር፤ ይህ ሹመት ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

ሦስተኛው ኧርል ሮበርት በ1215 የንጉሡን ሥልጣን የገደበውን ማግና ካርታ የተባለ ሰነድ እንዲያስከብሩ ከተመረጡት 25 ባሮኖች አንዱ ነው። አምስተኛው በ1265 በንጉሡ ላይ ካመፀው ከሲሞን ደ ሞንትፎርት ጎን ተሰልፎ ማዕረጉን ተነጠቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰለት። ሰባተኛው በክሬሲና በፖይቲየርስ ተዋግቷል።

የማዕረጉን ዕጣ የወሰነው ዘጠነኛው ኧርል ሮበርት ነው። ሪቻርድ 2ኛ ይህን ወጣት ከመጠን በላይ ይወደው ስለነበር በ1385 የደብሊን ማርኩዊስ አደረገው፤ በእንግሊዝ ታሪክ የመጀመሪያው ማርኩዊስ እርሱ ነው። በማግስቱ ዓመት የአየርላንድ ዱክ ሆነ። ትልልቆቹ መኳንንት ትናንት ከበታቻቸው ይቀመጥ የነበረ ሰው ዛሬ ከላያቸው መቀመጡን አልታገሡም። በታኅሣሥ 1387 በራድኮት ድልድይ ተሸንፎ ቴምዝን ተሻግሮ አመለጠ፤ በ1388 ምሕረት የለሹ ተብሎ የሚጠራው ፓርላማ በሌለበት በአገር ክህደት ፈረደበት። እንዲህ ያለው ፍርድ የሰውየውን ሕይወትና መሬት ብቻ ሳይሆን የውርስ ደሙንም ይቆርጥ ነበር፦ ከእርሱ በኩል ማንም ምንም ሊወርስ አይችልም ነበር። ሮበርት በ1392 ልጅ ሳይወልድ በሉቨን በስደት ሞተ፤ በአሳማ አደን ላይ ቆስሎ ነው ይባላል። ሬሳው በ1395 ወደ አገሩ ሲመለስ ንጉሡ ሣጥኑን አስከፍቶ ፊቱን እንዳየና ጣቶቹን እንደዳሰሰ የዘመኑ ጸሐፊ ተርኳል።

በጥር 1393 ፓርላማው ኧርልነቱን ለአጎቱ ለኦብሪ መለሰ፤ የተመለሰው ግን «ለኦብሪና ለወንድ ወራሾቹ» በሚል አዲስ ቃል ነው። ለጊዜው ማንም ልብ አላለውም። ይሁንና ከዚያ ቀን ጀምሮ የማዕረጉ መሠረት የማቲልዳ ደብዳቤ መሆኑ ቀርቶ የ1393ቱ ድንጋጌ ሆነ። ሴት ልጆች ከውርሱ ወጡ፤ ከኦብሪ በፊት የተለዩ የደ ቪር ቅርንጫፎችም አብረው ወጡ።

አሥራ ሁለተኛው ኧርልና የበኩር ልጁ በየካቲት 1462 በታወር ሂል አንገታቸው ተቀላ። ሁለተኛው ልጅ ጆን፣ አሥራ ሦስተኛው ኧርል፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ታላቁ የጦር ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1464 ኤድዋርድ 4ኛ የአባቱን መሬት እንዲረከብ ቢፈቅድለትም ልቡ የኤድዋርድ ተቀናቃኝ ከነበረው ከላንካስተር ወገን አልራቀም። በ1471 በባርኔት በጭጋግ ውስጥ የራሱ ወገን የደ ቪርን የኮከብ ዓርማ የኤድዋርድ የፀሐይ ዓርማ መስሎት እንደወጋው ይነገራል። በ1473 የቅዱስ ሚካኤልን ተራራ ይዞ ወራት ተከላከለ፤ በ1475 በፓርላማ ተፈረደበት፤ ካሌ አጠገብ በሃምስ ግንብ ታሰረ፤ በ1484 ከጠባቂው ጋር ተስማምቶ አመለጠ። በ1485 በቦስወርዝ ኋላ ንጉሥ የሆነውን የሄንሪ ቱዶርን ፊታውራሪ ጦር የመራው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ፓርላማው ፍርዱን ሻረ። የተገፈፈ ማዕረግ በራሱ ጊዜ አይመለስም፤ ፍርዱን የሚሽር የፓርላማ ውሳኔ የግድ ያስፈልጋል።

አሥራ አራተኛው ኧርል በ1526 ያለ ልጅ ሲሞት ሌላ ዓይነት ችግር ተከሰተ። ኧርልነቱ ለወንድ ብቻ ስለሆነ ያለ ክርክር ለሩቅ የሥጋ ዘመዱ፣ ለአሥራ አምስተኛው ኧርል አለፈ። ከኧርልነቱ ጋር ይዘዋቸው የነበሩት ጥንታውያን ባሮንነቶች ግን በሴትም ይወረሳሉ፤ ሟቹም ሦስት እህቶች ነበሩት። በእንግሊዝ ሕግ ከወንድሞች ታላቁ ይቀድማል፤ እህቶች ግን እኩል ናቸው። ባሮንነት ለሦስት ስለማይከፈል አንዳቸውም ሳይይዙት ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከተንጠለጠለበት የሚወርደው ከሦስቱ ሐረጎች ሁለቱ ሲቋረጡ ወይም ንጉሡ ከወራሾቹ አንዱን ሲመርጥ ነው። በ1920ዎቹ በወጣው መመሪያ መሠረት ከ100 ዓመት በላይ የተንጠለጠለ ወይም አመልካቹ ከሲሶ ያነሰ ድርሻ ያለው ጥያቄ በመርሕ ደረጃ ተቀባይነት የለውም።

አሥራ ሰባተኛው ኧርል ኤድዋርድ በ1562 አባቱን ሲወርስ 12 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን አካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ በዘውዱ ሞግዚትነት ሥር ይውል ነበር፤ የመሬቱ ገቢ ከእጁ ይወጣ፣ ጋብቻውም ለሽያጭ ይቀርብ ነበር። ኤድዋርድ ዕዳ ተከምሮበት አካለ መጠን ደረሰ፤ ከዚያም በራሱ አባካኝነት የአባቶቹን ርስት እየቆረሰ ሸጠ። በ1586 ንግሥት ኤልሳቤጥ በዓመት 1,000 ፓውንድ ቆረጠችለት። የሼክስፒር ድርሰቶች የእርሱ ናቸው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ አብዛኞቹ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት አይቀበሉትም። ለማዕረጉ ታሪክ የሚበልጠው ግን መሬት ቢሸጥም ኧርልነት ከሰውየው እንደማይለይ በእርሱ ሕይወት መታየቱ ነው።

አሥራ ስምንተኛው ኧርል ሄንሪ በ1625 በሆላንድ ዘመቻ ሳለ ልጅ ሳይተካ ሄግ ላይ ሞተ። ሁለት ሰዎች ተነሡ። አንደኛው ሮበርት ደ ቪር፣ በሆላንድ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ድኻ መኮንን፣ የአሥራ አምስተኛው ኧርል ሁለተኛ ልጅ የልጅ ልጅ ነው፤ ከሟቹ ጋር በቅድመ አያት ይገናኛሉ። ሁለተኛው ሮበርት ቤርቲ፣ ሎርድ ዊሎቢ፣ የአሥራ ሰባተኛው ኧርል እህት የሜሪ ልጅ ነው፤ በዝምድና ይቀርባል፣ በሀብትም ይበልጣል፣ የሚዛመደው ግን በሴት በኩል ነው። ሄንሪ ሦስት እህቶች ነበሩት፤ ይሁንና ከሌላ እናት የተወለዱ ነበሩ፤ በጊዜው የመሬት ውርስ ሕግ ደግሞ በአንድ ወላጅ ብቻ የተገናኘ ወንድም ወይም እህት አይወርስም። ዊሎቢ በአክስት ልጅነት ሊቀርብ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ንጉሥ ቻርለስ ጉዳዩን ለሎርዶች ምክር ቤት መራው፤ ምክር ቤቱም ዳኞችን አማከረ። ዋና ዳኛው ራንዶልፍ ክሩ አስተያየቱን ሲያቀርብ ዘመን ሁሉን እንደሚሽር፣ ቦሁን፣ ሞውብሬይ፣ ሞርቲመር፣ ከሁሉም በላይ ፕላንታጄኔት ዛሬ በመቃብር ውስጥ እንዳሉ ከጠቀሰ በኋላ የደ ቪር ስም ግን እግዚአብሔር እስከፈቀደ እንዲቆም ተመኘ። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ከተሰሙት ንግግሮች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ያለው ጥቂት ነው። ውሳኔው በ1626 ተሰጠ፤ ሦስቱንም ነገር ለያይቶ አየው። ኧርልነቱ በ1393ቱ ቃል መሠረት ለወንዱ ወራሽ ለሮበርት ደ ቪር ሆነ። ታላቁ ቻምበርሌይንነት፣ ዳኞቹ ተከፋፍለውበት በብልጫ፣ ለዊሎቢ ተሰጠ። ባሮንነቶቹ ደግሞ በ1526 ወደ ሦስቱ እህቶች ሐረግ ስለሄዱ ለሁለቱም አልሆኑም። ቻምበርሌይንነቱ ኋላ በእህትማማቾች መካከል ተከፋፍሏል፤ ዛሬ በተወላጆቻቸው ዘንድ ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር እየዞረ ይያዛል፤ በ2022 ከቾልሞንድሊ ቤት ወደ ሎርድ ካሪንግተን ያለፈው በዚህ ሥርዓት ነው።

ሮበርት በ1632 በማስትሪክት ከበባ ተገደለ። ልጁ ኦብሪ፣ ሃያኛውና የመጨረሻው ኧርል፣ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ ወንድ ልጁ ግን በሕፃንነቱ ሞተበት። ሴት ልጁ ዳያና የንጉሥ ቻርለስ 2ኛን ልጅ የሴንት ኦልባንስን ዱክ አግብታ ደሙ በዚያ በኩል ቀጠለ፤ ማዕረጉ ግን በሴት አይሄድምና መጋቢት 12 ቀን 1703 ኦብሪ ሲሞት ቆመ።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ከተቀባዩ የወረደ ሕጋዊ ወንድ ጨርሶ ከሌለ ማዕረጉ ከስሟል። ምናልባት አለ፣ ግን አልታወቀም ወይም አላስመሰከረም ከተባለ አንቀላፍቷል። የኦክስፎርድ ኧርልነት በአንዳንዱ መዝገብ ከስሟል፣ በሌላው አንቀላፍቷል ተብሎ ይጻፋል። ጠያቂ ቢመጣ ከአሥረኛው ኧርል ከኦብሪ ጀምሮ ሳይቋረጥ በወንድ በኩል መውረዱን በእያንዳንዱ ትውልድ ጋብቻና ልደት ማስረጃ ማሳየት አለበት። ከጋብቻ ውጭ የተወለደም በጉዲፈቻ ያደገም አይወርስም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ከእርሱ የሚቀድሙት ቅርንጫፎች ሁሉ መቋረጣቸውን ማስረዳት ነው። ብዙ ጥያቄዎች የሚወድቁት በዚህ ነው፦ የደብር መዝገቦች የተጀመሩት በ1538 ነው፤ በ1640ዎቹ ጦርነት ጊዜ ብዙዎቹ ተቋርጠዋል፤ ባሕር ተሻግሮ የሞተ ታናሽ ወንድም ልጅ አለመውለዱን ማን ይመሰክራል?

ይህ ስጋት በአዲሱ ማዕረግ ስም ላይ ሳይቀር አሻራውን ትቷል። በ1711 ንግሥት አን ሚኒስትሯን ሮበርት ሃርሊን ስትሾም «የኦክስፎርድ ኧርልና ኧርል ሞርቲመር» አለችው፤ የደ ቪር ወራሽ ድንገት ብቅ ቢል ሃርሊ ሁለተኛው ስም እንዲቀርለት ነው። ያም ማዕረግ በ1853 ከሰመ። በ1925 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኸርበርት አስኲዝ ኦክስፎርድን ሲመርጥ ከቀደሙት ቤቶች ተወላጆች ተቃውሞ ስለተነሣ «የኦክስፎርድና አስኲዝ ኧርል» ተባለ። አስኲዝ በ1928 ሲሞት የበኩር ልጁ ሬይመንድ በ1916 በሶም ጦር ሜዳ ወድቆ ነበር፤ ማዕረጉም ታናናሾቹን ልጆች አልፎ ለሬይመንድ ልጅ፣ ለ11 ዓመቱ ጁሊያን ተላለፈ። ጁሊያን 83 ዓመት ያህል ይዞት በ2011 አረፈ፤ ልጁ ሦስተኛው ኧርል ሆኖ ተካው።